ሁመር ሳይመር እንዲወጣ

ሁመር፣ አንዳንዶች ሮቃ የሚሉት፣ የቆላ ዛፍ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚያ ለመትከል መልፋት ከንቱ ነው፤ ብርዱና ውርጩ ችግኙን ይጨርሰዋል። ኮምቦልቻም 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ችግኙ ቢይዝ እንኳ ፍሬውን ተስፋ ማድረግ አይቻልም፤ ሁመር ደህና የሚያፈራው ከ1,500 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ከተሞች ሰው ዋናው ሙያ ከቆላ የመጣውን ፍሬ መርጦ ገዝቶ ለመጠጥ አሳምሮ መዘፍዘፍ ነው።

ያልተላጠውን መግዛት ይሻላል። የበሰለ ፍሬ ቅርፊቱ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሲነቀንቁትም ውስጡ ክፍት መሆኑ ያስታውቃል፤ ሥጋው ደርቆ ከቅርፊቱ ስለሚላቀቅ ነው። ቅርፊቱ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ አልላጥ ካለ ገና ጥሬ ነው። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካያችሁ አንዱን ሰብራችሁ እዩ፤ ዘሩ ዙሪያ ዱቄት ካለ ነቅዟል፤ ተዉት። ተልጦ የተጠፈጠፈው ድካም ቢቀንስም አሸዋና የቅርፊት ስባሪ አያጣውም። መጥቆሩ ማርጀቱን እንጂ መበላሸቱን አያሳይም፤ የሻገተ ወይም የጠላ ዓይነት ሽታ ካለው ግን አትግዙት።

ከ1 ኪሎ ያልተላጠ ሁመር የሚገኘው ሥጋ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ያንሳል፤ ቀሪው ቅርፊት፣ ክርና ዘር ነው። ስትልጡ ፍሬው ከተንጠለጠለበት እንጨት በኩል ጀምሮ እስከ ጫፉ የሚወርዱትን ጠንካራ ክሮች እንደ ፎሶሊያ ክር ይዛችሁ ሳቧቸው፤ አንድ ላይ ይመዘዛሉ።

አሁን ዕቃው። የሁመር ጎምዛዛነት ከታርታሪክ አሲድ የሚመጣ ነው፤ አሲዱ አሉሚኒየምና መዳብ ይበላል፤ መጠጡም የብረት ጣዕም ይይዛል። ስለዚህ የሸክላ፣ የብርጭቆ፣ የፕላስቲክ ወይም የአይዝጌ ብረት ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ። በተለመደው ብረት ድስት አሳድሮ ጠዋት «ሁመሩ መጥፎ ነበር» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

250 ግራም የተላጠ ሁመር ከነዘሩ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፉ፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ጊዜ ካለ በቀዝቃዛ ውሃ ማሳደር ጣዕሙን ያጠራዋል። የፈላ ውሃ ያፈጥናል፣ ግን ቀለሙን ያጠቁረዋል። ከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁ ሥጋው ከዘሩ እስኪላቀቅ እሹት። ዘሩ አንሸራቶ ከጣት ሲያመልጥና ልባሱ ሲያብለጨልጭ ደርሷል። መምረሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ለመፍጠን ብሎ ከነዘሩ ጁስ መፍጫ ውስጥ የሚጨምር ሰው የዘሩን ልባስ ይፈጨዋል፤ ልባሱ ደግሞ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ምላስ ይይዛል። ይህን ስኳር አያድነውም።

በወንፊት አጥልሉት፤ ወንፊቱም የፕላስቲክ ወይም የአይዝጌ ብረት ይሁን። የቀረውን በትንሽ ውሃ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እሹት። ከዚያ ጠቅላላው 2 ሊትር እስኪሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፤ ከ150 እስከ 200 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ይበቃዋል። ዝንጅብል ይስማማዋል፤ ቅርንፉድ ግን ከ2 ፍሬ ካለፈ ሁመሩን ይውጠዋል። ሲያድር ከታች የሚዘቅጠው ሥጋው ስለሆነ አማስሎ መቅዳት ነው። ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ አረፋ ካወጣና ጋዝ ከያዘ ፈልቷል፤ ድፉት።

ለማፍጠሪያ የምታዘጋጁት ከሆነ በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ ይብቃ፤ ብዙ ሲሆን ሆድ ያላላል። አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሁመር እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ደም የሚገቡበትን መጠን ሊጨምር ይችላል።

ለማቆየት፣ ውሃ ሳይበዛበት ወፍራም ሆኖ የተጠለለውን በአይዝጌ ብረት ድስት፣ በመለስተኛ እሳት፣ እያማሰላችሁ እስኪጋመስ አብስሉት። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የምትሞሉበትን ጠርሙስ ለማጽዳት ስትቀቅሉ ደቂቃ ጨምሩ። በትኩሱ ሞልታችሁ ክደኑና ሲበርድ ፍሪጅ አስገቡ።

ወደ ሐርቡ ወይም ወደ ከሚሴ ወረድ ብሎ ቦታ ያለው ሰው ግን ይትከል። ዘሩን 24 ሰዓት ዘፍዝፎ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ መቅበር ነው። ዋና ሥሩ ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድ አጭር ፕላስቲክ ውስጥ ይጠማዘዛል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ከረጢት ያስፈልገዋል። በዛፍና በዛፍ መካከል 10 ሜትር ይተው። ከዘር የበቀለው ለማፍራት 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ የተዳቀለ፣ ማለትም ከሚያፈራ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የተጣበቀበት ችግኝ ከተገኘ በ3 ወይም በ4 ዓመት ይጀምራል።