የግልገል ዓባይን ቀለም ከሳተላይት ለሚያነቡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉሽ ጠላ ሲያጠልሉት አተላው ማጥለያው ላይ ይቀራል፤ ቀለሙ ግን አብሮ ይወርዳል። በውሃ ውስጥ የተሟሟ ኦርጋኒክ ቁስን ከሳተላይት ምስል ሲለኩም ትልቁ ስህተት አተላውንና ቀለሙን አንድ ማድረግ ነው። ከሰከላ ተነሥቶ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ በክረምት የሚደፈርሰው በአፈር ነው፤ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ቢያድር አፈሩ ይዘቅጣል። የተሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ ደግሞ ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከረግረግና ከደንገል ሥር እንደ ሻይ ተነክሮ የሚወጣ ነው፤ ቢያድርም አይዘቅጥም። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ሆኖም አፈሩ ብርሃኑን፣ በተለይም ቀዩን፣ መልሶ ይረጫል፤ የተሟሟው ቁስ ግን ሰማያዊውን ይውጣል እንጂ የሚመልሰው የለም። በ665 ናኖሜትር፣ ማለትም በቀዩ ብርሃን፣ ላይ ውሃው ደምቆ ከታየ አፈር በዝቶበታል ማለት ነው። በነሐሴ ጎርፍ መካከል፣ ያውም በደመና ቀዳዳ፣ የተሟሟ ቁስ ለካሁ የሚለኝን ሰው አላምነውም። ጥቅምትን ይጠብቅ።

ሁለተኛው ስህተት ከሌላ ቦታ ቀመር መዋስ ነው። ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ጨዋማነቱ ሲጨምር የተሟሟው ቁስ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ባለሙያዎች በዚህ ተመርኩዘው ከውሃው ቀለም ጨዋማነቱን ይገምታሉ። ጣና ጨው የለውም። ከዚያ የመጣ ቀመር ከሐይቁ በተቀዳ ናሙና ካልተፈተነ ቁጥር ይሰጣል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ከፍታን መርሳት ግን ከሁሉም ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ከውሃ በላይ ሳተላይቱ ጋ ከሚደርሰው ብርሃን አብዛኛው የአየር እንጂ የውሃ አይደለም፤ ስለዚህ የአየሩ ድርሻ ይቀነሳል። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን አየሩም ስስ ነው። ሶፍትዌሩን በባሕር ጠለል ግፊት ካሠሩት የሌለ አየር ይቀንሳል፤ ሰማያዊው ያለ ልክ ይጨልማል። የጨለመ ሰማያዊ ደግሞ የተሟሟ ቁስ ይመስላል!

ሰዓቱንም ይመልከቱ። ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ሰዓት በግሪንዊች ነው፤ 8 ሰዓት ገደማ ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጀልባ አስነሥቶ፣ ነፋስ ካናወጠው ሐይቅ ናሙና የቀዳ ተማሪ አውቃለሁ።

እምቦጭ የሸፈነውን፣ ወለሉ የሚታይበትን ጥልቀት የለሽ ዳርና ከየብስ የተጎራበቱትን ፒክሰሎች (የምስሉን ነጥቦች) መጣል ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም።

የመጨረሻው ናሙና አያያዝ ነው። ውሃው በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ተጣርቶ፣ በቡናማ ጠርሙስ፣ ከበረዶ ጋር ይጓዛል፤ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋልና። እኔ በጀመርኩበት ጊዜ ጠርሙሶቹ ጀልባው ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። ባሕር ዳር ገብቼ ስለካቸው ከምስሉ ጋር አልገጥም አሉ፤ ሳምንት ሙሉ ሳተላይቱን ስወቅስ ከረምኩ።