ቆመው የሚገቡበት የብረት ዶሮ ቤት፦ አመራረጡና አገጣጠሙ

ጎንበስ ብለው የሚገቡበት የዶሮ ቤት በደንብ የሚጸዳው የመጀመሪያውን ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወገብ ያማል፣ ኩሱ ይከመራል፣ ጥግ ላይ የተጣለውም እንቁላል ሳይታይ ይበላሻል። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቤት ወጪው ከፍ ቢልም ትርፉ እዚህ ላይ ነው። ከእንጨት ይልቅ ብረት የሚመረጠው ደግሞ ምስጥ ስለማይበላው ብቻ አይደለም፤ ቅንቅን የሚደበቅበት ስንጥቅ የለውም፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ቤት ስትለቁም ተፈቶ ይጫናል።

እዚህ የቀረበው ልክ ለ20 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች፣ እንደ አዲስ አበባ፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ላሉ ከተሞች ግቢ የሚሆን ነው፦ ርዝመት 3 ሜትር፣ ስፋት 2 ሜትር፣ ከፍታ ከፊት 2.20፣ ከኋላ 1.90። በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ዶሮ ማለት ነው። ጨምቆ 6 ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ተዘግተው የሚውሉ ከሆነ መናቆሩ ይጀምራል፣ ደም የታየባት ዶሮ ደግሞ አትተርፍም።

የምታዘጋጁት ዕቃ ይኸው፦

- ባለ 30 በ30 ሚሊ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ፦ 14 ዘንግ (እያንዳንዱ 6 ሜትር)
- ለጣሪያ በልክ የተቆረጠ 2.70 ሜትር ቆርቆሮ፦ 5
- ለግድግዳ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ፦ 6
- ባለ ግማሽ ኢንች ካሬ የተበየደ ሽቦ ወንፊት፦ 14 ካሬ ሜትር
- ባለ 8 ሚሊ ብሎን፣ ርዝመቱ 8 ሳንቲም፣ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፦ 26
- ባለ ጎማ የጣሪያ ብሎን፦ 70 ያህል
- ብሎኬት 28፣ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 4 ከረጢት፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድንጋይ
- አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ቀለም፣ ማጠፊያ 3፣ መቀርቀሪያ 2

በያጅ ጋ ስትሄዱ

መንገድ ዳር ተሠርተው የሚቆሙት ቤቶች ብዙዎቹ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። ዋጋቸው ያማልላል። ግን 2 ሜትር ስፋት ያለው ሣጥን በየትኛው የግቢ በር ነው የሚያልፈው? ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ስትወጡ ለአከራይ ትታችሁት መሄዳችሁ ነው። ስለዚህ በፍሬም እዘዙ፦ አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ ለብቻቸው የሚመጡ የጣሪያ ብረቶች፤ ሁሉም በብሎን የሚያያዝ።

ቱቦላሬውን በዓይን አትመኑት። 1.5 ሚሊ ተብሎ የሚሸጠው 1 ሚሊ ሆኖ ይገኛል፤ ከቀለም በኋላ ደግሞ ማንም አይለየውም። የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። የ30 በ30 ሙሉ ዘንግ በ1.5 ሚሊ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በ1.2 ሚሊ 6 ኪሎ ተኩል፣ በ1 ሚሊ 5 ኪሎ ተኩል። ቀጭኑ ርካሽ ነው፤ ግን ሲበየድ ይበሳል፣ ብሎን ሲጠብቅበትም ይሰረጉዳል። ቆርቆሮም በቁጥር ስለሚሸጥ ልብ በሉ፦ ጌጁ (የውፍረት ቁጥሩ) ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ለጣሪያ ባለ 28 ወይም ባለ 30 ይሁን፤ ባለ 35 ለግድግዳ እንኳ ያሳዝናል።

ብረቱን ከመቁረጣችሁ በፊት አቆራረጡን ወረቀት ላይ ሥሩት። ለጣሪያ የሚዘረጉት ሦስቱ አግዳሚዎች እያንዳንዳቸው 3.60 ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ዘንግ የሚተርፈው 2.40 ለፊት ግድግዳ 2.20 ቋሚ ይበቃል። 3 ሜትሮቹ ከአንድ ዘንግ ሁለት፣ 1.90ዎቹ ሦስት ይወጣሉ። ይህን ሳያስቡ የቆረጡ ሰዎች 14ቱ አልበቃ ብሏቸው 17ኛ ዘንግ ሲገዙ ይታያል።

ሁሉም ፍሬም መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ይያዝ፤ ሰያፉ (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለው ርቀት) ይለካ፤ ከዚያ ነው ሙሉ ብየዳው። የፊቱ ፍሬም ሰያፍ 3.72 ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሰያፎች ከ5 ሚሊ በላይ ከተለያዩ ፍሬሙ ጠሟል። ብየዳው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እየተዘለለ ይሠራ፤ በአንድ በኩል ተከታትሎ ከተበየደ ብረቱ በሙቀቱ ይጎብጣል።

የብሎን ቀዳዳው የብዙ ጭቅጭቅ ምንጭ ነው። በያጁ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ ለክቶ ከበሳ፣ ግቢያችሁ ስትደርሱ ቀዳዳ ከቀዳዳ አይገጥምም። ሁለቱ ቋሚዎች በሞርሳ ተጣብቀው አንድ ጊዜ በአንድ ድሪል ይበሱ፤ በአንድ ማዕዘን ሦስት ቀዳዳ፣ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ከዚያ እያንዳንዱ ማዕዘን በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ ሀ ከሀ፣ ለ ከለ።

የቱቦላሬዎቹ ክፍት ጫፎች በላሜራ ይደፈኑ፤ ከታችኛው ብረት ሥር ግን ሁለት ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይተዉ። ውስጡ የገባ እርጥበት መውጫ ካጣ ብረቱ ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ አዲስ መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን በእግር ስትነኩት ይፈርሳል።

ገንዘቡ የት ይውጣ

ብረቱ ላይ ከተቆጠበ ቤቱ ይወዛወዛል፤ ሽቦው ላይ ከተቆጠበ ግን ዶሮዎቹ ያልቃሉ። ባለ ስድስት ማዕዘኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ ውሻ እንዳይገባ አይከለክልም፤ ጥርስ ከያዘው ይተረተራል። አይጥና ሸለምጥማጥ ደግሞ ጭንቅላታቸው ካለፈ ገላቸው ያልፋል። ስለዚህ ባለ ግማሽ ኢንች የተበየደው ካሬ ሽቦ ዙሪያውን ይሁን። አቅም ካነሰ ከታች እስከ 1 ሜትር እሱን አድርጋችሁ ከላይ በአንድ ኢንች ጨርሱ።

ሽቦው በብየዳ አይያዝ። ብየዳው ሽቦው የተለበጠበትን ዚንክ ያቃጥላል፣ ጭሱ ለበያጁ ጤና ጥሩ አይደለም፣ የተነካው ነጥብም በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል። በጠፍጣፋ ብረት ተጭኖ፣ በየ20 ሳንቲሙ በአጭር ብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይያዝ። ፍሬሙን ከማዘዛችሁ በፊት ሱቅ ሄዳችሁ የሽቦውን ጥቅል ስፋት ለኩ፤ የመሃል አግዳሚው ብረት ሁለት ሽቦ የሚገናኝበት ላይ መዋል አለበት። አለበለዚያ መጋጠሚያው አየር ላይ ይቀራል፣ ያ ደግሞ በር ማለት ነው።

ቦታውና መሠረቱ

ከፍ ያለ፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ፤ ከአጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ የራቀ። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞር፣ ሽቦ የሆነው ፊቱ ደቡብን ቢያይ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ገብታ ጉዝጓዙን ታደርቅላችኋለች። ክረምቱ በየት በኩል እየገረፈ እንደሚመጣ ግን ከመኖሪያ ቤታችሁ ግድግዳ ይነበባል፦ ቀለሙ የለቀቀውና የሻገተው ጎን እሱ ነው። ጀርባውን ለዚያ ስጡት። ሁለቱ ከተጋጩ ዝናቡ ያሸንፋል፤ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሩት።

መሠረቱ 30 ሳንቲም ተቆፍሮ በድንጋይ ይሞላ፣ በላዩ አንድ ረድፍ ብሎኬት ይዙር። ወለሉ 7 ሳንቲም ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው፣ ሲሚንቶ 1፣ አሸዋ 2፣ ጠጠር 4፤ ከኋላ ወደ ፊት 4 ሳንቲም ያህል ያዘቅዝቅ። ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ። በማዕዘኖቹና በረጃጅሞቹ ጎኖች መሃል፣ በድምሩ ስድስት ቦታ፣ የብሎኬቱ ቀዳዳ በኮንክሪት ተሞልቶ የብሎን ዘንግ ይቀበርበት፤ ፍሬሙ የሚታሰረው በእሱ ነው። ብሎኬቱና ብረቱ መሃል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይነጠፍ። ሲሚንቶ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገትም የሚነሣው ሁልጊዜ ከታች ነው።

ወለል የማታስገነቡ ከሆነ ሽቦውን ከግድግዳው ግርጌ ወደ ውጭ 50 ሳንቲም አጥፋችሁ መሬት ውስጥ ጥቂት ቅበሩት። የሚቆፍር አውሬ የሚጀምረው ልክ ከግድግዳው ሥር ነው፤ ሽቦ ሲያገኝ ሌላ ቦታ ይሞክራል እንጂ ግማሽ ሜትር ወደኋላ ተመልሶ አይጀምርም።

መግጠም

ሁለት ሰው ይበቃል፤ ለጣሪያው ሦስተኛ ቢኖር ይቀላል። መጀመሪያ የኋላውና አንዱ የጎን ፍሬም ይቆማሉ፣ ሁለቱ ሲያያዙ ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። ቀጥሎ ሌላው ጎን፣ በመጨረሻ ፊቱ። ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ይግቡ። ጎኖቹ በፊትና በኋላ ፍሬም መካከል ስለሚገቡ የመሬቱ ልክ 3 ሜትር በ2.06 ይሆናል፣ ሰያፉም 3.64። ይህ በሁለቱም በኩል እኩል እስኪመጣ ግፉ፣ ቋሚዎቹን በውኃ ልክ እዩ፣ ከዚያ አጥብቁ። ሽቦ የሚወጠረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተወጠረ ጥመቱን ይዞ ይቀራል፣ በሩም ዕድሜ ልኩን አይዘጋም።

ከጎኖቹ መሃል ለመሃል፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ብረት ጫፎቹ ላይ ጆሮ ተበይዶለት በብሎን ይያዛል። በላዩ ሦስቱ አግዳሚዎች ይዘረጋሉ፣ በግራና በቀኝ 30 ሳንቲም ይውጡ። ቆርቆሮው ከፊት 35፣ ከኋላ 25 ሳንቲም ያህል ይትረፍ፣ ጎን ለጎን ሁለት ሞገድ ይደራረብ፣ ብሎኑም በጉብታው ላይ ይመታ። በሸለቆው ላይ የተመታ ብሎን ውኃ የሚሄድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ መክፈት ነው።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። አግዳሚዎቹ ቆርቆሮውን ከፍ ስለሚያደርጉት በጎኖቹ አናት 3 ሳንቲም ክፍተት ይቀራል። አየር እንዲወጣ ጥሩ ነው፤ አይጥም በዚያው ይገባል። በተረፈው ሽቦ ዙሩበት።

ጀርባው እስከ 1.60 ድረስ በቆርቆሮ ይዘጋ፣ ከላይ ያለው 30 ሳንቲም ሽቦ ሆኖ ይቅር። ጎኖቹ ከታች 80 ሳንቲም በቆርቆሮ ይዘጉ፤ ዶሮዎቹን ወለሉ ላይ ነፋስ እንዳያገኛቸው። ከላይ ያለውን አየር ለብርድ ብላችሁ አትድፈኑት። ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች፤ የምትታመመው ከኩሱ በሚነሣው አሞንያና በእርጥበቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጣሪያው ጠብታ ሲወርድ «ጣሪያው ያፈሳል» ይባላል። ዝናብ ሳይኖር ማለዳ የሚንጠባጠብ ከሆነ የዶሮዎቹ ትንፋሽ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ያረፈ ላብ ነው፤ መድኃኒቱ ማስቲሽ ሳይሆን አየር ነው።

በሩ 80 ሳንቲም በ1.80 ሜትር ሆኖ ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ ከሆነ ጉዝጓዙ ይይዘዋል። የታችኛው ብረት እንደ መድረክ ሆኖ ሰጋቱራውን ስለሚያግድ አታስቆርጡት፤ ካሪዮላው ውጭ ቆሞ ኩሱ በአካፋ ይውጣ። መቀርቀሪያው ሁለት ነው፣ ከላይና ከታች፤ ውሻ የሚገፋው የታችኛውን ማዕዘን ነውና። ቁልፍም ይኑረው። የፋሲካ ሰሞን የዶሮ ሌባ አራት እግር ብቻ የለውም።

ውስጡ

ቤቱ ብረት ቢሆንም ቆጡ ብረት አይሁን። ቱቦላሬ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ያዳልጣልም። 5 በ5 ሞራሌ የላይኛው ጠርዙ ተላግቶ ወይም የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሻላል። ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲም ስለሚያስፈልግ 2.50 ሜትር የሆኑ ሁለት ቆጦች ይበቃሉ፤ ሁለቱም 70 ሳንቲም ከፍታ ላይ፣ ከግድግዳው 30፣ እርስ በርሳቸው 35 ሳንቲም ተራርቀው። አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም እሱ ላይ ለመውጣት ማታ ማታ ጦርነት ነው።

እንቁላል መጣያ ሣጥኖቹ አራት ወይም አምስት፣ ስፋታቸው 30 በ30፣ ቁመታቸው 35፣ ጨለም ባለው ጥግ። ከቆጡ ዝቅ ብለው 45 ሳንቲም ላይ ይቀመጡ፤ ከፍ ካሉ ዶሮዎቹ እዚያው ያድራሉ፣ እንቁላሉም በኩስ ይለወሳል። 20 ዶሮ በቀን 2.3 ኪሎ ያህል መኖ፣ ከ5 እስከ 6 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። የመኖና የውኃ ዕቃው ጠርዝ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ይሰቀል።

አምፖል ካስገባችሁ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ ቤቱም የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ይታሰርለት። ሽፋኑ የተላጠ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሙሉውን ቤት ከነበሩ እጀታው ያነዝረዋል።

ቀለሙ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ዶሮ አታስገቡ። ሰጋቱራውን ከመነስነሳችሁ በፊት ደግሞ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በገመድ አስራችሁ ወለሉንና ዙሪያውን ጎትቱበት። ከሽቦ ቆረጣ የቀረ ቁራጭ ያብለጨልጫል፣ ዶሮ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ነገር ትለቅማለች፤ ሽቦው አንጀት ይወጋል፣ ዚንኩም ይመርዛል። ከዚያ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ከ8 እስከ 10 ሳንቲም ይነስነስ።

ሲመሽ አንድ ሰው ባትሪ አብርቶ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ውጭ ተንበርክኮ ዙሪያውን ይይ። ብርሃን አውራ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ከወጣ፣ ዶሮዎቹ የሚገቡት እሱ ከተደፈነ በኋላ ነው።