ሳይክሉ ጋራንቲ አለው ተባላችሁ? የቱ ነገሩ ነው ያለው?

ባሕር ዳር ሳይክል ስትገዙ ባለሱቁ «የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው» ይላል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትወጣላችሁ። የቱ ነገሩ ነው ያለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከወራት በኋላ ካቴናው እየዘለለ ሲያስቸግር ይዛችሁት ትመለሳላችሁ፣ እሱም «ይሄ እኮ በአጠቃቀም ነው» ይላል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። የካቴናው ነገር ላይ ግን እውነቱ ከባለሱቁ ጋር ነው።

ዋስትና የሚሸፍነው ሳይክሉ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ችግር ነው። ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ የፍሬን ገመድ፣ ካቴና፣ እነዚህ ሲነዱ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፣ የትም አገር ቢሆን በማለቃቸው አይቀየሩም። ጃያንትና ትሬክ የተባሉት የሳይክል አምራቾች ለፍሬማቸው የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ያለቀ ጎማ አይቀይሩም። ደግሞ ያ ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ስለዚህ ከውጭ ያገለገለ መጥቶ ስሙ የተጻፈበት ሳይክል ላይ «ብራንድ ነው፣ ዋስትና አለው» ቢሏችሁ ተጨማሪ ብር እንዳትከፍሉበት።

ሥራው የሚጀምረው ሱቁ ውስጥ ነው። ደረሰኝ ያዙ። ሳይክሉን ገልብጡትና ከፔዳሎቹ መሐል፣ ከፍሬሙ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉት፣ አለበለዚያ ነገ «ይሄ ከእኔ የተገዛ አይደለም» ቢባል መልስ የላችሁም። ጋራንቲው ፍሬሙን ብቻ ነው ወይስ ኩሽኔታውንና ማርሹንም? እሱንም በጽሑፍ፣ በማኅተም። ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ አለ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት አስቀምጧል፣ ይሄ ባለሱቁ ከሚሰጠው ጋራንቲ ውጭ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ጉድለቱን እንዳያችሁ ሳትዘገዩ ለሻጩ አሳውቁ ነው የሚለው። ስለዚህ አዲሱን ሳይክል ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አታቆዩት፣ በእነዚያ 15 ቀናት ውስጥ በደንብ ንዱት።

ስትነዱት ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ የፔዳሉን ክንድ። ብሎኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊላላ ይችላል፣ ወዲያው ማጥበቅ ነው። እየተወዛወዘ ከተነዳ ቀዳዳው ይበላል፣ ያኔ ብታጠብቁትም አይያዝም፣ ባለሱቁም «ላልቶ እያለ ነድተኸዋል» ይላል፣ ልክም ነው። ፔዳሉን ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ደግሞ የግራው በተቃራኒ ነው የሚዞረው። በጉልበት ጥርሱን ያበላሸ ሰው ዋስትና አያገኝም።

ቀጥሎ የቸርኬው ሽቦዎች። የኋላው አንድ ሽቦ ተቆረጠ እንበል። ሰው ጭናችሁ ከሆነ ዝም በሉ። የኋላ መጫኛው ላይ ብዙ ጊዜ 25 ኪሎ የሚል ተቀርጿል፣ ጓደኛችሁ ደግሞ 25 ኪሎ አይደለም። ብቻችሁን እየነዳችሁ፣ በአዲስ ቸርኬ፣ ሽቦዎቹ ተራ በተራ መቆረጥ ከጀመሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ከመጀመሪያውም እኩል አልተወጠሩም ማለት ሊሆን ይችላል። የተቆረጡትን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሰባሪው ኮብልስቶኑ ነው የሚል ክርክር ይመጣል፣ ያልተቆረጡትን በጣታችሁ ጨመቅ ጨመቅ እያደረጋችሁ የላላውንና የጠበቀውን አሳዩት።

ዋናው ፍሬሙ ነው። ጥረጉትና በብርሃን እዩት፣ በተለይ ከመሪው ሥር ያለውን ብየዳና የፔዳሉን መሐል። ቀለም ብቻ ሲሰነጠቅ የሚላጥ ይመስላል። ብረቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ቀጭን መስመር ይሆናል፣ ፀጉር የሚያክል፣ በብየዳው ዳር የሚሄድ። ብረት ከሆነ መስመሩ ላይ ዝገት ይታያል። አሉሚኒየም ግን አይዝግም፣ ሳይጎብጥም ሊሰበር ይችላል፣ ስለዚህ መስመሩን ካያችሁ በዚያው ቀን መንዳት አቁሙ። አታስበይዱት! ያስበየዳችሁት ቀን ዋስትናው ያበቃል። የመቀመጫው ቱቦ ላይ «ከዚህ በላይ አታውጡ» የምትለዋን ምልክት አሳልፋችሁ መቀመጫውን ከፍ አድርጋችሁት ከሆነና ፍሬሙ እዚያ ጋ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት። ከአንዱ ፒን መሐል ጀምራችሁ 24 ዘለበት ቁጠሩ፣ አዲስ ከሆነ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ሲደርስ ቀይሩት። ወደ 30.8 ከተጠጋ የኋላውን ጥርስ መብላት ጀምሯል፣ ያኔ ወጪው ሁለት ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው አቧራ፣ በተለይ በጠጠር መንገድ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ካቴና ቶሎ ያልቃል። ዘይት ስታደርጉለት የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ፣ ዘይትና አቧራ ተደባልቀው እንደ ሞረድ ነው የሚሠሩት።

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ፤ ሳይክል ጣና ውስጥ ከነቸርኬው ነክሮ ማጠብ። ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣዋል፣ ከዚያ ቸርኬው እየተንኳኳ «ፋብሪካው ነው» ይባላል። መካኒክ ሲከፍተው ዝገቱን ያያል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

በሳይክሉ ዕቃ የምታደርሱ ወይም የምታከራዩ ከሆነ ስትገዙ ተናገሩ፣ ብዙ ዋስትናዎች ለንግድ የዋለን ሳይክል አይሸፍኑም። ችግር ሲመጣ ደግሞ ምንም ሳትፈቱ ፎቶ አንሱ፣ አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ከቁጥሩ ጋር። ሳይክሉን አጥባችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ፣ ጠዋት ሱቁ ሰው ሳይበዛበት ሂዱ። ጥገና ቤት ቀድማችሁ ከሄዳችሁና መካኒኩ ከፈታታው ባለሱቁ ለማመካኘት በቂ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ተቀብሎ ካስቀረው የተቀበለበትን ቀን ወረቀት ላይ አስፈርሙት።