የወረቀት ግሩፕ ቻት፦ የኢንተርኔት ላይ ጥቃትን በክፍል ውስጥ ማስተማሪያ

ለዚህ መልመጃ ስልክም ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ 40 ደቂቃና ወረቀት ይበቃል።

በ6 ቁራጭ ወረቀት ላይ የፈጠራ ቻት ይጻፉ፦ አንዱ የሌላውን ልጅ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሦስቱ የሳቅ ኢሞጂ ይልካሉ፣ አንዷ «ኧረ ተዉት» ትላለች፣ የመጨረሻው ፎቶውን ወደ ሌላ ግሩፕ ያስተላልፋል። ስሞቹ ከክፍሉ ልጆች ስም ጋር እንዳይገጥሙ። በእውነት የደረሰ ነገር ካመጡ ውይይቱ ወዲያው «እሱ ነው፣ እሷ ናት» ይሆናል፤ የተጎዳውም ልጅ ዳግም ይጎዳል።

ተማሪዎቹን በ4 በ4 ይመድቡ፤ ለየቡድኑ የ6ቱን ወረቀት አንድ ስብስብ ይስጡና «ነገሩ የቱ ጋ ሊቆም ይችል ነበር?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኞቹ ፎቶውን ይጠቁማሉ። የሳቆቹን ወረቀቶች አንስተው እንደገና ያንብቡት፤ ለጣፊው ብቻውን ሲቀር ነገሩ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ በዓይናቸው ያዩታል። የተጠቂውን ሚና ግን ለማንም አይስጡ።

ከዚያ ጥቃት ሲደርስባቸው የሚያደርጉትን ያስጽፏቸው፦ መልስ አለመስጠት፣ ስክሪንሾት ማንሳት፣ ብሎክ ማድረግ፣ ለሚያምኑት አዋቂ መንገር። ብዙ ልጆች ተናደው መልእክቱን ያጠፉታል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። እርቃን የሚያሳይ ምስል ከሆነ ግን ስክሪንሾትም ማስተላለፍም የለም፤ በቀጥታ ለአዋቂ ነው።