ስክሪን ሪደር ስላይዳችሁን ለምን አያነብም? ችግሩና መፍትሄው

ሥልጠና በሰጠሁ ማግስት አንድ ዓይነ ስውር ሠልጣኝ ደወለልኝ። «መምህር፣ የላኩልንን ፋይል ከፈትኩት። ‹ስላይድ 1፣ ፒክቸር። ስላይድ 2፣ ፒክቸር› እያለ እስከ 22 ቆጠረልኝና አለቀ» አለኝ። እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ የለፋሁበት ስላይድ ነው። ያምርም ነበር፣ ለሚያይ ሰው።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሰውንም ስላይድ ሳስተካክል ቆይቻለሁ። ቅሬታዎቹ ሁሌም ይመሳሰላሉ። የማወራው ስለ ዊንዶውስ ፓወርፖይንት ነው፤ የምሞክረው ደግሞ ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም። ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነው። እናንተም ጫኑት። ድምፁ ፈጥኖባችሁ ካልተያዘላችሁ ከኤንቪዲኤ ሜኑ «ቱልስ» ውስጥ «ስፒች ቪውወር» የሚለውን ክፈቱ፤ የሚናገረውን ሁሉ በጽሑፍ ያሳያችኋል። ኤንቪዲኤን ለማጥፋት ኢንሰርትና ኪው።

«የስላይዱን ቁጥር ይናገርና ዝም ይላል»

የእኔ ጥፋት ይሄ ነበር። ስላይዶቹን በሌላ ፕሮግራም አሳምሬ ሠራሁና እንደ ሥዕል አምጥቼ ለጠፍኳቸው። ለዓይን ጽሑፍ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፎቶ።

ከ«ቪው» ሜኑ «አውትላይን ቪው»ን ክፈቱ። እዚያ የሚታየው በስላይዱ ሌይአውት ውስጥ በተዘጋጁት ሳጥኖች የተጻፈው ብቻ ነው። ባዶ ከሆነ ወይ ሥዕል ለጥፋችኋል፣ ወይ ሁሉንም ነገር ራሳችሁ በሳላችሁት ቴክስት ቦክስ ጽፋችኋል። ቴክስት ቦክስ ይነበባል። ርዕስ ግን አይሆንም። ርዕስ የሌለው ስላይድ ላይ ደግሞ ሰውየው የት እንዳለ አያውቅም።

መፍትሄው አሰልቺ ነው፦ ርዕስና ዝርዝር ያለው ሌይአውት መርጦ ጽሑፉን እዚያ መልሶ መጻፍ። ርዕሱም ከስላይድ ስላይድ ይለይ። አምስት ስላይድ ላይ «የቀጠለ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ርዕስ እንደሌለው ቁጠሩት። ርዕሱ ዲዛይኑን ያበላሽብኛል ካላችሁ፣ ከስላይዱ ጠርዝ ውጭ ጎትታችሁ አስቀምጡት። አይታይም፣ ይነበባል።

«የማይገባኝ ቋንቋ ነው የሚያነበው»

ይሄ የእኛው የራሳችን ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። ስክሪናችሁ ላይ «ሰላም» ይላል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ስክሪን ሪደሩ ፎንቱን አያይም። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነው የሚያነበው፤ ትርጉም የሌለው ነገር ይንተባተባል። ሃያ ዓመት የሞላቸው የመሥሪያ ቤት ስላይዶች እየተኮረጁ ስለሚኖሩ ይሄ ችግር ዛሬም አልጠፋም።

መለየቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ ኤሪያል ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ዝባዝንኬ ከተቀየረ አገኛችሁት ማለት ነው። አጭር ከሆነ በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና ጻፉት። ረጅም ከሆነ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከቀየራችሁ በኋላ ግን ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን አንድ በአንድ እዩ። ለፎንት ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይበቃችኋል።

ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖም ዝም ካለ፣ ጉዳዩ አድማጩ ጋ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ድምፅ ግዕዝ ሲያጋጥመው ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንባብ ድምፅ አማርኛ አለው። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ ተጭኖ እሱን መምረጥ፣ ከዚያ በስፒች ሴቲንግ ድምፁን ወደ አማርኛ መቀየር። እውነቱን ለመናገር የሮቦት ድምፅ ነው። ግን ያነባል።

እግረ መንገዴን፦ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት» ብላችሁ ስታሳጥሩ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ «ስላሽ» የምትል ቃል ትገባለች። ሙሉውን ጻፉት።

«መልሱን ከጥያቄው በፊት ይነግረኛል»

ስላይዱ ላይ ከላይ ጥያቄ፣ ከታች መልስ አለ። ሰውየው ግን መጀመሪያ የሚሰማው መልሱን ነው። ፓወርፖይንት ነገሮችን የሚያስነብበው በተደራረቡበት ተራ ነው፤ ከሥር ያለው ይቀድማል። የት ቦታ እንደተቀመጡ ግድ የለውም። መልሱን መጀመሪያ ጽፋችሁ ጥያቄውን በኋላ ከጨመራችሁ መልሱ ይቀድማል።

ያለ ምንም ስክሪን ሪደር መፈተሽ ይቻላል። ስላይዱን ከፍታችሁ ታብን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ምርጫው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል የምታዩት ተራ፣ እሱ የሚሰማው ተራ ነው።

ለማስተካከል በአዲሶቹ ቨርዥኖች ከ«ሪቪው» ሥር «ቼክ አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ «ሪዲንግ ኦርደር ፔን» አለ፤ እዚያ ዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች ነው። የቆየ ቨርዥን ካላችሁ አልትና ኤፍ10 ተጭናችሁ «ሴሌክሽን ፔን»ን ክፈቱ። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ከታች ያለው መጀመሪያ ይነበባል። እኔ ራሴ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ፋይል ገልብጬ አስተካክያለሁ። ሌላም አለ። ተራውን ስትቀይሩ መደራረቡም አብሮ ይቀየራል፤ ትልቁ የጀርባ ሥዕል ድንገት ጽሑፉን ሊሸፍነው ይችላል። የጀርባ ሥዕል የሁሉም ስላይዶች መሠረት በሆነው «ስላይድ ማስተር» ውስጥ ይግባና ተገላገሉ።

«ፒክቸር ይላል፤ የምን ፒክቸር?»

ሥዕሉ አልት ቴክስት፣ ማለትም በስክሪን ሪደር የሚነበብ የጽሑፍ መግለጫ፣ የለውም። ሥዕሉ ላይ በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ «አልት ቴክስት» የሚለው ውስጥ ጻፉ። ምን ልጻፍ ለሚል ጥያቄ መልሱ ሥዕሉን ለምን አስገባችሁት የሚለው ነው። የጀበና ፎቶ አስቡ። ስለ ሸክላ ሥራ ከሆነ አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ ቀለሟን መግለጽ አለባችሁ። «የሻይ ሰዓት» የሚለውን ለማድመቅ ከሆነ ግን ምንም አትጻፉ፤ «ዴኮሬቲቭ» የምትለዋን ምልክት አድርጉና ይለፈው። ግራፍ ከሆነ ደግሞ «የባር ግራፍ» ብሎ ማቆም ምንም አይጠቅምም። ግራፉ ምን እንደሚያሳይ ተናገሩ፦ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ከየት ወደ የት። ብዙ ቀስትና ሳጥን ያለበት ከሆነ በኮንትሮልና ጂ አንድ ላይ አስሩትና አንድ መግለጫ ስጡት።

ፓወርፖይንት ራሱ ገምቶ የሚጽፈውን አትመኑት። «ቼክ አክሰሲቢሊቲ»ም አልት ቴክስት መኖሩን እንጂ ትክክል መሆኑን አያውቅም።

«ፓወርፖይንቱ ደህና ነው፤ ፒዲኤፉ ግን…»

«ፕሪንት» ብላችሁ ፒዲኤፍ ካደረጋችሁት ርዕሱም ተራውም ይጠፋል። «ሴቭ አዝ» በሉ፣ ፒዲኤፍ ምረጡ፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የ«ዶክዩመንት ስትራክቸር ታግስ» ሳጥን ምልክት ይኑረው። ሠንጠረዥ ካላችሁ ከኤክሴል ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉት፤ እዚያው ፓወርፖይንት ውስጥ ሥሩትና «ሄደር ሮው» (የርዕስ ረድፍ) የሚለውን አብሩ። ሊንክም «እዚህ ይጫኑ» አይባል፤ የሚወስደውን ቦታ ስም ስጡት።

«ፋይሉ ተስተካክሏል፤ ስብሰባው ላይ ግን አልገባኝም»

እዚህ ጋ ጥፋተኛው አፋችን ነው። «እዚህ ጋ እንደምታዩት፣ ይሄ ቀዩ መስመር…» ካላችሁ ሰውየው ምን ያድርግ? «የዘንድሮው መስመር ከአምናው በላይ ነው» በሉ። ፋይሉን ደግሞ በዋዜማው ላኩለት። ያ ሠልጣኝ አሁን ወንበሩ ላይ አንዱን ጆሮ በጆሮ ማዳመጫ ለላፕቶፑ፣ ሌላውን ለእኔ ሰጥቶ ይቀመጣል። ስላይድ ከዘለልኩ መጀመሪያ የሚይዘኝ እሱ ነው።