ነባሩ ሠራተኛ ከመልቀቁ በፊት

ሰው ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። ላፕቶፑን ያስረክባል፣ ቁልፉን ይመልሳል፣ ንብረት ክፍል ይፈርምለታል። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ግን የሚረከበው የለም።

የትንሽ ቢሮ ችግር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ለኒውክሌር መሣሪያ የሚሆን ፎግባንክ የሚባል ቁስ ያመርቱ ነበር። ከዓመታት በኋላ እንደገና እናምርት ሲሉ የተጻፈው ጥቂት ሆኖ ተገኘ፣ የሚያውቁት ሰዎችም አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ለቀዋል። ሲሞክሩት እምቢ አላቸው። ለካ ቁሱን ያሠራው የነበረው ድሮ ከጥሬ ዕቃው ጋር ይገባ የነበረ ባዕድ ነገር ኖሯል፤ አዲሱ አሠራር ደግሞ እሱን አጽድቶ ያወጣዋል። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ራሳቸው ይህን አያውቁም ነበር፣ ታዲያ ማኑዋሉ ላይ ከየት ይምጣ?

ስለዚህ የሚለቀውን ሰው "የምታውቀውን ጻፍልን" ብላችሁ አትተዉት። ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ ያውም ሁሉም የሚያውቀውን። ይልቅ ተረካቢው ሥራውን ይሥራ፣ አስረካቢው አጠገቡ ተቀምጦ ይመልከት። "ቆይ ቆይ፣ እሱን ከመላክህ በፊት ሒሳብ ክፍል ደውል" የሚለው ያኔ ነው። ያቺን "ቆይ" ጻፏት። ዕረፍት ላይ ሆኖ በምን በምን ጉዳይ እንደሚደወልለትም ጠይቁት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የምክንያት መጥፋት ነው። አንድ የሠራሁበት ቦታ የክፍያ ዝርዝር በሁለት ሰው ይታይ ነበር። አዲስ ኃላፊ መጣና ጊዜ ይፈጃል ብሎ አስቀረው። ብዙም ሳይቆይ ለአንድ አቅራቢ ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ለካ ደንቡ የወጣው ከዓመታት በፊት ይኸው ስህተት ስለደረሰ ነበር፤ ደንቡ እንጂ ምክንያቱ የትም አልተጻፈም። ኃላፊው ላይ አልፈርድም። ቅጹ አናት ላይ "አንዴ ሁለት ጊዜ ስለተከፈለ ነው" የሚል መስመር ቢኖር አይነካውም ነበር።

አንድ ሥራ ሲያልቅ በዚያው ሳምንት ተሰብሰቡ። የአሜሪካ ጦር ከልምምድ በኋላ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ለማንም ይሆናሉ፦ ምን አስበን ነበር? ምን ሆነ? ለምን? ቀጥሎስ? አለቃው መጨረሻ ላይ ይናገር፣ አለዚያ ሰው ዝም ይላል።

የተገኘው ትምህርት ሪፖርት ሆኖ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር የምትባለውን የጠፈር መንኮራኩር ከ7 ሰዎች ጋር አጣ፣ ጉዳዩ ተመረመረ፣ ተጻፈ። በ2003 ኮሎምቢያ የምትባለው መንኮራኩርም ከ7 ሰዎች ጋር ስትጠፋ መርማሪዎቹ ያዩት ያንኑ የሚመስል ነገር ነበር፤ በበረራ ላይ ደጋግሞ የታየ ጉድለት እንደ ተራ ነገር ተለምዶ። ትምህርቱን ሰው በየቀኑ የሚነካው ነገር ላይ አድርጉት፦ ቅጹ ላይ፣ ቼክሊስቱ ላይ፣ ማሽኑ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት። የጻፈው ሰው ስምና ቀን ይኑረው፣ ጊዜው ያለፈበትም ይነሳ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ነገ ቢቀር ሥራ የሚቆምበትን አንድ ሰው ምረጡና መልቀቂያ ከማስገባቱ በፊት አጠገቡ ሰው አስቀምጡ።