ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ሲላክ መልእክቱ የሚበላሽበት ምክንያትና መፍትሔው

ምልክቱ። አጫጭር መልእክቶች ያለ ችግር ይደርሳሉ። የአንዳንድ ደንበኞች ትእዛዝ ግን ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ በአድራሻው ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይታያል፤ ከአድራሻው በኋላ የነበሩት መረጃዎችም ይጠፋሉ። ያው አድራሻ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በትክክል ያልፋል።

ምክንያቱ። በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ (ፊልድ) የሚጻፈው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ምንነቱን የሚናገር ቁጥር (ታግ)፣ ቀጥሎ የጽሑፉ ርዝመት፣ ከዚያ ጽሑፉ ራሱ። ርዝመቱ የሚጻፍበት ቦታ አንድ ባይት ነው። አንድ ባይት ከ255 በላይ አይቆጥርም፤ 256 ሲሆን ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጽሑፍ ወደ ባይት በሚለወጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ነጠላ ሰረዙና አራት ነጥቡም እንዲሁ። ስለዚህ 85 ፊደል ልክ 255 ባይት ይሆናል፤ 86ኛው ሲጨመር 258 ይደርስና ርዝመቱ 2 ተብሎ ይጻፋል። በዩአርኤል ኢንኮዲንግ (ጽሑፍ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ እንዲያልፍ በሚጻፍበት መንገድ) ደግሞ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ባይት ስለሚሆን ገደቡ በ29ኛው ፊደል ይጣሳል።

ይህን ብልሽት ደጋግሜ አስተካክያለሁ፤ በደንብ የማስታውሰው ግን አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የጭነት ማመላለሻ ቢሮ ያጋጠመኝን ነው። የሾፌሮቹ ስልክ ትእዛዝ አልቀበል ሲል ሠራተኞቹ ኔትወርኩን ጠርጥረው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲም ካርድ ሲቀያይሩ ቆይተዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሲጽፉ አየሁ። አገራችን አድራሻ በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ስለሚነገር፣ ጸሐፊዋ «አዳማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ» ብላ ጀምራ እስከ መጋዘኑ በር ቀለም ድረስ ዘርዝራ ጻፈች። ቆጠርነው፤ ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 80 ፊደልና 17 ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 257 ባይት ሆነ። የርዝመቱ ባይት ላይ የተጻፈው 1 ነበር። የ«አ» ሦስት ባይቶች 225፣ 138 እና 160 ናቸው። ተቀባዩ 225ን ብቻ አድራሻ ብሎ ወሰደ፤ 138ን የሚቀጥለው ፊልድ ታግ፣ 160ን ደግሞ የዚያ ፊልድ ርዝመት አድርጎ ስላነበበ የቀረው መልእክት በሙሉ ተዛባ።

መፍትሔው። ርዝመቱ የሚለካው ጽሑፉ ወደ ባይት ከተለወጠ በኋላ ነው። የጃቫ የጽሑፍ ርዝመት መለኪያ የሚሰጠው የባይቱን ብዛት ስላልሆነ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የተለካው ርዝመት ከአንድ ባይት በሚሰፋ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይያዝ፤ ወደ አንድ ባይት ከመጥበቡ በፊት ከ255 ጋር ይወዳደር፤ ከበለጠ ኮዱ ስህተት መልሶ ይቁም። ፊልዱን ወደ ሁለት ባይት ማስፋት ከተቻለ ይስፋ፤ ላኪውና ተቀባዩ ግን አብረው መቀየር አለባቸው። ከሰፋ በኋላም ፍተሻው አይነሳም፤ ሁለት ባይት የሚይዘው 65,535 ወይም 21,845 የአማርኛ ፊደል ነው፤ አንድ ፊደል ሲጨመር ርዝመቱ እንደገና 2 ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጽሑፉን 255ኛው ባይት ላይ መቁረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ፊደሉ መሀል ለመሀል ሊሰነጠቅ ይችላል። መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ ከተቆረጠበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ባይት ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅጹ ላይ «ከ255 ፊደል አይበልጥም» ብሎ መጻፍም አያድንም፤ 255 የአማርኛ ፊደል 765 ባይት ነው፣ ርዝመቱም 253 ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ትክክል ስለሚመስል ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠውን ፕሮግራም) ማስጠንቀቂያ ዝም ለማሰኘት ካስት (ቁጥሩን በግድ ወደ ጠባቡ ዓይነት የሚለውጥ መመሪያ) መጨመርን አጥብቄ እቃወማለሁ። በሲ ቋንቋ ይህ መጥበብ ያለ ድምፅ ይፈጸማል። የሲ ኮምፓይለር የሆነው ጂሲሲም «ኦል» እና «ኤክስትራ» የተባሉት ማስጠንቀቂያዎች ቢበሩ እንኳ «ኮንቨርዥን» የሚባለው ለብቻው ካልበራ ምንም አይናገርም። የበራውን ማስጠንቀቂያ በካስት ማፈን የሰው ትእዛዝ መንገድ ላይ እንዲጠፋ መፍቀድ ነው።

ለሙከራ 85 እና 86 ጊዜ የተደገመ «አ» ይላክ። በላቲን ፊደል ብቻ የተሞከረ ኮድ ገና አልተሞከረም።

ያው የቁጥር መሙላት ሌላ ቦታም ያጋጥማል። ትልቅ ፋይል ወደ ቤዝ64 (ማንኛውንም ባይት በተራ ፊደላት ወደሚጽፍ ዘዴ) ሲለወጥ ፕሮግራሙ ከወደቀ፣ ምክንያቱ የበፈሩ (ውጤቱ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) መጠን ስሌት ነው። ሦስቱ ባይት አራት ስለሚሆን 1,610,612,736 ባይት ያለው ፋይል 2,147,483,648 ባይት ይፈልጋል፤ ይህም ምልክት ያለው (ኔጌቲቭ ቁጥርንም የሚይዝ) ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር ከሚይዘው በአንድ ይበልጣል። ፍተሻው ከማባዛት በፊት ይሁን፤ ኢንቲጀሩ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ለአራት ተካፍሎ በሦስት ተባዝቶ ከፋይሉ መጠን ጋር ይወዳደር። በሲ ምልክት ያለው ኢንቲጀር ሞልቶ ሲያልፍ ውጤቱ ያልተደነገገ ስለሆነ፣ ካባዙ በኋላ የሚደረገውን ፍተሻ ኮምፓይለሩ አላስፈላጊ ብሎ ሊሰርዘው ይችላል። በጃቫ 8 የገባው «መልቲፕላይ ኤግዛክት» የተባለው የማባዣ ተግባር ቁጥሩ ሞልቶ ሲያልፍ ስህተት በመመለስ ይህን ሥራ ይሠራል።

ርዝመቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ከተነበበ የጃቫ ባይት ምልክት ያለው ስለሆነ ነው፤ 200 ሲነበብ -56 ይሆናል፣ 256 ቢደመርበት ይስተካከላል።

አስቀድመው የተበላሹት መልእክቶች ጥሬ ባይታቸው ተቀምጦ ከሆነ ይመለሳሉ። ላኪው የጻፈው ርዝመት ቢሳሳትም ጽሑፉ ሙሉ ነው። በተጻፈው ርዝመት ላይ 256 እየደመሩ፣ ያ ርዝመት ካለቀ በኋላ ትክክለኛው ቀጣይ ታግ መኖሩን ማየት ነው። በአዳማው ቢሮ ታጎቹ ከ1 እስከ 20 ብቻ ስለነበሩና በአድራሻ ውስጥ ከ32 በታች የሆነ ባይት ስለማይገኝ፣ የጠፉትን ትእዛዞች በዚህ መንገድ አውጥተን ከጸሐፊዋ ደብተር ጋር አንድ በአንድ አመሳከርናቸው።